የዓርቡን የተረት ክፍለ ጊዜ በሚመለከት ለወላጆች የተላከ ደብዳቤ

ለአንደኛ እና ለሁለተኛ ክፍል ተማሪዎች ወላጆች፣

የሁለተኛው ሩብ ዓመት ፈተና በመጪው ሰኞ ይጀምራል። ይህን ደብዳቤ የጻፍኩት ግን ዓርብ ከሰዓት በኋላ ለ40 ደቂቃ ስለሚካሄደው የተረትና የመዝሙር ክፍለ ጊዜ ነው።

መምህራኖቻችን በዚህ ክፍለ ጊዜ የሚከተሉት የአባባ ተስፋዬ ሳህሉን መንገድ መሆኑን በዓመቱ መጀመሪያ ገልጸን ነበር። ከዚያ ወዲህ «ለተረት አልከፈልንም»፣ «በቦታው ሒሳብ ይሰጥ» የሚሉ ቅሬታዎች በቃልም በጽሑፍም ደርሰውናል። ቅሬታችሁን በአክብሮት ተቀብለናል፤ ክፍለ ጊዜውን ግን አናስቀርም። ከሒሳብም ሆነ ከሌላ ትምህርት አንዲት ደቂቃ አልተወሰደም፤ ተጨማሪ ክፍያም አልተጠየቀበትም።

አባባ ተስፋዬ ወደ ቴሌቪዥን ከመምጣታቸው በፊት በቴአትር መድረክ ተዋናይና ድምፃዊ የነበሩ፣ ሴቶች መድረክ ላይ ባልወጡበት ዘመንም የሴት ገጸ ባሕርይ ወክለው የተጫወቱ ሰው ናቸው። ይህን ሁሉ ችሎታ ከ1957 ዓ.ም. ጀምሮ ለ42 ዓመታት ያህል ለልጆች ሰጡ። እኔ ራሴ ልጅ ሳለሁ በሰፈራችን ቴሌቪዥን የነበረው አንድ ቤት ብቻ ስለነበር፣ ጫማችንን በር ላይ አውልቀን ወለሉ ላይ ተጠጋግተን እየተቀመጥን «የዛሬ አበባዎች፣ የነገ ፍሬዎች» እስኪሉን ድረስ ትንፋሻችንን ውጠን እንጠብቅ ነበር። በሐምሌ 2009 ዓ.ም. ሲያርፉ እንደ ገዛ አባቴ አልቅሻለሁ፤ ከእናንተም መካከል እንዲሁ ያለቀሰ እንደማይጠፋ አምናለሁ።

«ናፍቆት ሌላ፣ ትምህርት ሌላ» የሚል ወላጅ ይኖር ይሆናል። መምህሯ «ተረት ተረት» ስትል ልጆቹ «የላም በረት» ብለው ይመልሳሉ፤ ቀጥላ ሁለቱን ቃላት ሰሌዳው ላይ አንዱን ከሌላው በታች ስትጽፍ፣ በጆሯቸው የያዙትን ቤት መምቻ በዓይናቸው ያገኙታል፣ «ረት»ን ከሁለቱም ቃላት ነጥለው ያነባሉ። ይህ የንባብ ትምህርት ካልሆነ ምን ሊባል እንደሚችል አላውቅም። ከመስከረም ጀምሮ ክፍል ውስጥ ድምፅዋ ተሰምቶ የማያውቅ አንዲት ተማሪ ባለፈው ወር ከሁሉም ቀድማ «የላም በረት!» አለችና በሁለት እጇ አፏን ያዘች፤ በቀጣዩ ሰኞ ለመጀመሪያ ጊዜ እጇን አወጣች።

«ተረቱን በስልክም ያገኙታል» መባሉም ደርሶኛል። ስልኩ ግን ልጁ እስኪመልስ አይጠብቅም፤ «እንቆቅልህ» ብሎት «ምን አውቅልህ» ሲለው አይሰማውም፣ አገር ስጠኝ ብሎም አይከራከረውም።

አንድ ወላጅ ልጃቸው ሲታዘዝ ቤት በሚመታ ግጥም እንደሚመልስላቸው ጽፈውልኛል። አለመታዘዙን እናንተም እኛም እናርማለን፤ ቃል መርጦ ቤት መምታቱን ግን እንደ ብልግና ቆጥሬ እንድቀጣው አትጠይቁኝ። ግጥሙ እንዲያውም ጥሩ ነበር።

የፊታችን ዓርብ ከቀኑ 8 ሰዓት ላይ ከክፍሉ በስተኋላ ለወላጆች ወንበር እናዘጋጃለን። አያቶች ተረት ይዘው ቢመጡልን ደስታችን ነው፤ መምህሯም ተራዋን ትለቅላቸዋለች።

ከአክብሮት ጋር፣
የትምህርት ቤቱ ርዕሰ መምህርት