ሰብልዬ፣ እማማን አንቺ አናግሪልኝ

ሰብልዬ የኔ ቆንጆ፣

አለሁ። መጥፋቴን አውቃለሁ፣ ይቅር በይኝ፤ ወቀሳውን ስንገናኝ ታወርጂብኛለሽ። አሁን ቸኩያለሁ።

ልጄ ሩጫ ጀምራልሻለች። ያውም 800 ሜትር! አንቺና እኔ ሁለተኛው ዙር ላይ ስንደርስ የጫማ ክር የምናስርበትን። እሷ ክር አታስርም። ባለፈው ቅዳሜ የመጨረሻው ኩርባ ላይ ሁለት ልጆች ጥላ ወጣች፤ መስመሩን እንዳለፈች ሳሩ ላይ በጀርባዋ ተዘረረች። ደረቷ ከፍ ዝቅ ይላል፣ ከንፈሯ ነጭ ሆኗል። ልቤ ቀጥ አለ። ትንሽ ቆይታ ቀና አለችና "ማሚ፣ ውሃ ይዘሻል?"

ችግሩ እማማም አብራን ነበረች። ከዚያ ወዲህ ቤታችን ሰላም የለም። "ማህፀኗ ይጎዳል፣ ነገ መውለድ ያቅታታል" ትላለች። ደራርቱ ወልዳ ተመልሳ አይደል እንዴ ሲድኒ ላይ ያሸነፈችው ብላት፣ "የእሷ ረጅሙ ነው፣ ቀስ እያሉ ነው የሚሮጡት" አለችኝ። ምን ትያታለሽ!

ይገርምሻል፣ የእማማን ወሬ ትልልቆቹም አውርተውታል። በፈረንጆቹ 1928 አምስተርዳም ላይ ሴቶች ለመጀመሪያ ጊዜ የኦሊምፒክ 800 ሜትር ሮጡ። ጀርመናዊቷ ሊና ራድከ በ2:16.8 የዓለም ክብረ ወሰን ሰብራ አሸነፈች። ሁለተኛዋ ጃፓናዊቷ ኪኑዬ ሂቶሚ ናት፤ 100 ሜትሩ አልሳካ ቢላት ነው ወደዚህ የገባችው። ካናዳዊቷ ቦቢ ሮዘንፌልድ ደግሞ የአገሯን ልጅ፣ የ17 ዓመቷን ጂን ቶምፕሰንን፣ ከጎኗ ሆና እያበረታታች አራተኛነቱን ለቀቀችላት። አንቺ ትለቂልኝ ነበር? እንዳትዋሺ።

ከመስመሩ በኋላ አንዳንዶቹ መሬት ላይ ተጋደሙ። ጋዜጦቹ ሙሾ አወረዱ። አንዱማ 11 ሴቶች ሮጠው 5ቱ አቋርጠው ወጡ ብሎ ጻፈ። የሮጡት እኮ 9 ናቸው፣ ዘጠኙም ጨርሰዋል! ወንዶች ሮጠው ሲዘረሩ ለፍተው ነው ይባላል። በዚህ ወሬ የሴቶች 800 ሜትር ከኦሊምፒክ ወጥቶ የተመለሰው በ1960 ሮም ላይ ነው። 32 ዓመት! የሚያናድደው፣ ፈረንሳዊቷ አሊስ ሚሊያ የኦሊምፒክ ሰዎች እምቢ ቢሏት በ1922 ፓሪስ ላይ የራሷን ውድድር ስታዘጋጅ ሴቶች 1000 ሜትር ሮጠው ነበር። ሲሮጡ ያየ ሁሉ የት ሄደ?

ለማንም ያልነገርኩትን ልንገርሽ። ልጄን ሳያት ደስታ ብቻ አይደለም የሚሰማኝ፣ ቅናትም አለበት። ሳቂብኝ እሺ።

ያንቺ ያ ነገርስ... እንዴት ሆነ? ተይው፣ ካልፈለግሽ አትመልሽልኝ።

ሰብልዬ፣ ነርስ አይደለሽ? እማማ የምትሰማው አንቺን ነው። ደውይላት፤ ከሰዓት በኋላ፣ ቡናዋ ላይ ስትሆን ይሻላል። ስለ ማህፀኑ ብቻ አስረጃት። ሂቶሚ በ24 ዓመቷ በሳንባ በሽታ መሞቷን አደራ እንዳታነሺ፣ እዚያው ትይዘዋለች! እኔ እንደጻፍኩልሽም አትናገሪ። ብቻ ፍጠኚ፤ ውድድሩ ደርሷል፣ እማማ የልጅቷን ስፓይክ ጫማ የት እንደደበቀችው እስካሁን አላገኘነውም።

ጠፊዋ ጓደኛሽ