ከመንፈሷ በፊት ምድጃውን እንይ

ይድረስ ለአዘጋጁ፣

«መንፈስ አለባቸው» ስለሚባሉ የዓለም ሕንጻዎች በቅርቡ ያወጣችሁትን ጽሑፍ አነበብኩት። ከነሱ አንዱ አሜሪካ፣ ኢንዲያና ግዛት፣ ኢቫንስቪል ከተማ ያለው የዊላርድ ቤተ መጻሕፍት ነው። የምኖረው ኢንዲያና ስለሆነ ቤቱን አውቀዋለሁ፤ ልጆቼንም ወስጃቸዋለሁ። ጽሑፋችሁ እዚያ ትታያለች ለምትባለው ሴት መንፈስ ያንን ሁሉ ቦታ ሰጥቶ ለቤቱ አንድ መስመር መንፈጉ ቅር አሰኘኝ።

ቤቱን ያቋቋመው ዊላርድ ካርፔንተር የተባለ ባለጸጋ ነጋዴ ነው። ግንባታው በ1876 ተጀመረ (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆቹ ናቸው)፣ ገንዘብ ሲያጥር ቆመ፣ በ1882 ደግሞ ቀጠለ። ሰውየው ግን ምርቃቱን ሳያይ በ1883 ሞተ። በሩ የተከፈተው ማርች 28 ቀን 1885 ነው። ቀይ ጡብ፣ ሹል ሹል መስኮት፣ ጥግ ላይ ማማ፤ መንፈስ ባይኖረው እንኳ ሰው መፍጠሩ የማይቀርለት ዓይነት ቤት ነው። ካርፔንተር ያስቀመጠው ቃል ደግሞ ከመልኩ ይበልጣል። ቤቱ ለሁሉም መደብ፣ ለሁሉም ዘር፣ ለወንድም ለሴትም፣ በነጻ፣ ለዘለዓለም ይሁን አለ። ይህን ያለው ከኦሃዮ ወንዝ ማዶ ባለችው ኬንታኪ ባርነት ከቀረ ሃያ ዓመት እንኳ ሳይሞላ ነው። ይህ እንዴት ተዘለለ?

አሁን ወደ ሴትዮዋ ልምጣ። ወሬው የሚጀምረው በ1937 የአሜሪካ ክረምት፣ በብርዱ ወራት ነው። የሕንጻው ጽዳት ሠራተኛ ከሌሊቱ 9 ሰዓት ላይ የድንጋይ ከሰል ምድጃውን ሊቆሰቁስ ምድር ቤት ይወርዳል። ባትሪውን ሲያበራ ግራጫ የለበሰች፣ ፊቷን በዓይነ ርግብ የሸፈነች ሴት ቆማለች። ብዙም ሳትቆይ ብን ብላ ጠፋች። ሰውየውም ሥራውን ለቀቀ ይባላል።

አልፈርድበትም። እኔም አሜሪካ እንደገባሁ የሌሊት ጽዳት ሠርቻለሁ። ባዶ ሕንጻ በዚያ ሰዓት የራሱ ድምፅ አለው። ቧንቧው ያንኳኳል፣ ወለሉ ይንቋቋል፣ ሊፍቱ ማንም ሳይጠራው ይንቀሳቀሳል። ብቻህን ስትሆን ጸሎት ሳታስበው ከአፍህ ይወጣል።

ግን እስቲ ነገሩን ቀረብ ብለን እንየው። ክረምት ነው፣ ምድር ቤት ነው፣ የከሰል ምድጃ አለ፣ ሰውየው እንቅልፍ አልጠገበም። እኛ አገር ይህን ለመገመት ዶክተር መሆን አያስፈልግም። ዝናቡ ሲበረታ ቡና የተፈላበትን ከሰል ክፍል አስገብቶ በር የዘጋ ሰው ምን እንደሚሆን እናውቃለን። መጀመሪያ ራስ ይፈልጣል፣ ከዚያ ያዞራል፣ ጉልበት ይከዳል። «በከሰል ጭስ ታፍነው ሞቱ» የሚል ዜና ያላነበበ ማን አለ? ገዳዩ የምናየው ጭስ ሳይሆን ሽታም ቀለምም የሌለው ካርቦን ሞኖክሳይድ ነው።

ይህን ከመንፈስ ጋር ያገናኘሁት እኔ አይደለሁም። በ1921 አንድ አሜሪካዊ የዓይን ሐኪም በሕክምና መጽሔት ላይ የአንድ ቤተሰብ ታሪክ አሳትሟል። ወደ አሮጌ ቤት ከገቡ በኋላ ኮቴ ይሰማሉ፣ ሰው ያያሉ፣ ራሳቸውን ያማቸዋል፣ አበባው ሁሉ ይደርቅባቸዋል። ሲጣራ ማሞቂያው ተበላሽቶ ጋዙ ቤት ውስጥ ሲገባ ነው የከረመው። ምድጃው ሲጠገን መንፈሶቹም ተሰናበቱ።

የዊላርዱም እንዲሁ ነው ብዬ አልምልም። ከሰውየው በኋላም ብዙ ሰው አይተናታል ብሏል፣ የሽቶዋ ሽታ መጣብን ያለም አለ፣ ቧንቧ ራሱ ተከፈተ ያለም አለ። ከሰል ሽቶ ሸትቶ አያውቅም። ቢሆንም የመጀመሪያው ምስክር የቆመው ምድጃ አጠገብ መሆኑን ያወራ ሁሉ ይናገራል፣ ግን ማንም ቆም ብሎ አያስብበትም።

ከዚህ ይልቅ መንፈሷ የእሷ ነው ተብሎ ጣት የሚቀሰረው በካርፔንተር ልጅ በሉዊዝ ላይ ነው። እናንተም ደግማችሁታል። አባቷ ሀብቱን ለቤተ መጻሕፍቱ ሲሰጥ አእምሮው በቅጡ አልነበረም ብላ ባለአደራዎቹን ከሰሰች፣ ተረታች። ውርስ ተነፈግኩ ብሎ ፍርድ ቤት መቆም የትም ያለ ነገር ነው። እኛ ዘንድ ለግማሽ ጋሻ መሬት ስንት ዓመት ይሟገቱ የለም እንዴ? እሷን ግን ሞታም አልተዋትም፤ ንብረቷን ፍለጋ ሌሊት ሌሊት ምድር ቤት የምትንከራተት ስስታም አደረጓት።

በ1999 የከተማው ጋዜጣ መንፈሷን ለማየት በቤቱ ውስጥ የኢንተርኔት ካሜራ ስለተከለ የሩቅ ሰው ሁሉ በስክሪን ሲያፈጥ ማደር ጀመረ። ልጆቼም የጠየቁኝ መጀመሪያ ስለሷ ነበር። እሷን ፍለጋ የገባ ልጅ መጽሐፍ ይዞ ከወጣ ደግ ነው፣ በዚህ ቅሬታ የለኝም።

ለእናንተ ግን አንድ ጥያቄ አለኝ። ክረምት ከመግባቱ በፊት ስለ ከሰልና ስለ ተዘጋ በር ግማሽ ገጽ ብትሰጡን? ከጤና ባለሙያ ጋር ብትሠሩት ደግሞ ይበልጥ ጥሩ ነው።

አንባቢያችሁ፣ ከኢንዲያና