«ጊዜዎ አልቋል» ላሉን ኃላፊ የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

ይድረስ ለክቡር የመሥሪያ ቤቱ የበላይ ኃላፊ፣

እንደምን ሰነበቱ ብዬ ልጀምር አሰብኩና ተውኩት። ደህና መሆንዎን አውቃለሁ፤ በየቀኑ አይዎታለሁ። ድረ ገጻችሁ ሲከፈት መጀመሪያ የሚመጣው የእርስዎ ፎቶ ነው። ሲጨባበጡ፣ ሪባን ሲቆርጡ፣ ስብሰባ ሲመሩ፣ አምስት ፎቶ በየተራ ይንሸራተታል። አባቴ ስልክ ላይ ወጥተው እስኪታዩ 19 ሰከንድ እንጠብቅዎታለን። የፈቃድ ማደሻው ሊንክ ያለው ከእርስዎ በታች ነው።

የእርስዎንም የመሥሪያ ቤቱንም ስም እዚህ አልጠራም። ሦስት ጊዜ በኢሜይል ጽፌያለሁ፣ ሁለት ጊዜ ደውያለሁ፣ አንድ ጊዜ በአካል መጥቼ ኮሪደር ላይ ግማሽ ቀን ተቀምጫለሁ። ማን እንደሆንኩ ታውቃላችሁ።

ነገሩ እንዲህ ነው። አባቴ 71 ዓመታቸው ነው፤ ፈቃዳቸውን በድረ ገጻችሁ ማደስ ነበረባቸው። ግላኮማ ዓይናቸውን ጎድቶታል፤ ስልካቸውን የሚጠቀሙት ቶክባክ የሚባለው፣ ማያው ላይ ያለውን በድምፅ የሚናገር ፕሮግራም እያነበበላቸው ነው፣ አንዳንዱን ደግሞ በሁለት ጣት አስፍተው ያያሉ። እኔ እንጀራዬ ድረ ገጽ ዲዛይን ማድረግ ነው። «አባባ፣ እኔ ልሙላልዎት» አልኳቸው። «ስልኩን አስተምረኸኛል፤ ፎርሙን ለእኔ ተወው» አሉኝ። ኮራሁባቸው። ያን ጊዜ ፎርማችሁን አላየሁትም ነበር።

34 ሳጥን አለው። አባባ እያንዳንዱ ላይ ቆመው ይሰማሉ፣ ፊደል በፊደል ይጽፋሉ፣ የጻፉትን መልሰው ይሰማሉ። 28ኛው ላይ ሲደርሱ ገጹ ድንገት ወደ መጀመሪያው መለሳቸው። «ጊዜዎ አልቋል።» በቃ። የ10 ደቂቃ ገደብ መኖሩ የትም አልተጻፈም፣ ሊያልቅ ሲል የሚያስጠነቅቅም የለም። የሞሉት ሁሉ ጠፋ።

በማግስቱ ማታ እየተጣደፉ እስከ መጨረሻው ደረሱ። መጨረሻው ላይ ሁለት ቁልፎች አሉ፦ «ላክ» እና «አጽዳ»። መጠናቸው አንድ፣ ቀለማቸው አንድ፣ ጎን ለጎን። ጽሑፋቸው ምስል ነው፤ ለምስሉ በድምፅ የሚነበብ አማራጭ ጽሑፍ ያስገባለት ሰው ስለሌለ ቶክባክ ለሁለቱም በእንግሊዝኛ «በተን» (ቁልፍ) ብቻ ይላል። አባባ ገምተው ነኩ። አጸዱት። (34 ሳጥን የሞላ ሰው «እስቲ ሁሉንም ላጥፋው» የሚልበት ምክንያት እስከ ዛሬ አልገባኝም። እኛ ሙያ ውስጥ «አጽዳ» የሚለውን ቁልፍ ከፎርም ላይ አውጡት ማለት የጀማሪ ትምህርት ነው።)

ሦስተኛው ማታ «ላክ»ን አገኙት። «ስህተት ተከስቷል» አላቸው። የቱ ጋ? አይናገርም። አንዱ ሳጥን ዙሪያው ቀይ ሆኗል፤ ቀይ መስመር ደግሞ ድምፅ የለውም። ስህተቱን ሲፈልጉ 10ኛው ደቂቃ ሞላ። በማግስቱ የማደሻው ጊዜ አለፈ። ጠዋት የቅጣት መልእክት በስልካቸው ገባ። እሱ አልተቋረጠም፣ አልጠፋም፣ አንድም ፊደል አልተሳሳተም።

ለመጀመሪያው ኢሜይሌ «ሲስተሙ በትክክል እየሠራ ነው» ተባልኩ። ለሁለተኛው «የተጠቃሚ ስህተት ነው» የሚል መጣ። ለሦስተኛው መልስ የለም። ስልክ ያነሳው ሰው ደግሞ «ታዲያ ሌላ ሰው አይሞላላቸውም?» አለኝ። ይሞላላቸዋል። እኔ አለሁ። ግን የመታወቂያ ቁጥራቸውን፣ የገቢያቸውን ልክ፣ ፊርማቸውን ለሌላ ሰው አሳልፈው እንዲሰጡ የሚያስገድዳቸው የትኛው ሕግ ነው? ገንዘቡን እንረሳው፤ እኔን ያቃጠለኝ ይቺ ጥያቄ ናት።

ደንቡን አያውቁም ልል አልችልም፤ ፈርመውበታል። ድረ ገጻችሁ ግርጌ ላይ «የተደራሽነት መግለጫ» የሚል ሊንክ አለ። የዓለም አቀፉን የድረ ገጽ ተደራሽነት መመሪያ፣ ደብሊው ሲ ኤ ጂ 2.1ን፣ በኤኤ ደረጃ፣ ማለትም ከሦስቱ ደረጃዎች በመካከለኛው፣ እናሟላለን ይላል። ከሥሩ የእርስዎ ፊርማና ማኅተም አለ። ይህን ያወቅኩት ዓይኔ ስለሚያይ ነው። ሰነዱ ስካን ተደርጎ እንደ ፎቶ የተጫነ ፒዲኤፍ ነው፤ በአባባ ስልክ ስከፍተው ቶክባክ አንድም ቃል አላነበበም። ማየት ለተሳናቸው የገባችሁት ቃል የሚነበበው ለሚያዩ ብቻ ነው።

እሺ፣ የፈረሙት መመሪያ ምን ይላል? የጊዜ ገደብ ካለ ተጠቃሚው ገደቡን ማጥፋት ወይም ማስረዘም ይቻለው፤ አለዚያ ሊያልቅ ሲል ይነገረውና አንድ ነገር ነክቶ እንዲያራዝም ቢያንስ 20 ሰከንድ ይሰጠው። ይህ አዲስ ነገር አይደለም፤ እ.ኤ.አ. በ2008 በወጣው የመመሪያው 2.0 እትም ላይ አለ። ደረጃው ደግሞ ኤ ነው፣ ማለትም የመጨረሻው ዝቅተኛው። እናንተ ከዚያ በላይ እናሟላለን ነው ያላችሁት።

የአይቲ ክፍላችሁ «ለደህንነት ነው» አለኝ። ይሁን። ደህንነት ተጠቃሚውን ከአካውንቱ ያስወጣል እንጂ የጻፈውን ቀድዶ አይጥልም። የተሞላውን በየገጹ ሰርቨር ላይ አስቀምጡት፣ ሰውየው እንደገና ሲገባ ካቆመበት ይቀጥል። ይህን ማድረግ የማይችል ዴቨሎፐር ቀጥራችሁ ከሆነ ችግሩ ሌላ ነው።

ቀሪው ብዙ ነው፣ ሁሉንም አልዘረዝርም። የሳጥኖቹ መጠሪያ ሳጥኑ ውስጥ በግራጫ ተጽፏል፤ መጻፍ ሲጀምሩ ይጠፋል፣ ምን እንደተጠየቁ ይረሱታል። መጠሪያ ከሳጥኑ በላይ ይቀመጣል፣ በኮድም ከሳጥኑ ጋር ይታሰራል። ግራጫውንም ለካሁት፤ የቀለም ኮዱ 999999 ነው፣ ነጭ ላይ 2.85 ለ 1 ያህል ኮንትራስት (በጽሑፉና በጀርባው መካከል ያለ የብርሃን ልዩነት) ይሰጣል። መመሪያው ለተራ ጽሑፍ 4.5 ለ 1 ይላል። 767676 ብትሉት 4.54 ይመጣል፣ ታልፋላችሁ። ስድስት አሃዝ መቀየር ነው፣ በጀት አይጠይቅም። ስልክ ላይ ገጹን በጣት ማስፋትንም ከልክላችኋል። ሆን ተብሎ የተጻፈ አንድ መስመር ኮድ ነው፤ ማን እንደጻፈውና ለምን ብሎ እንደጻፈው በጣም ነው ማወቅ የምፈልገው። ስልክ ቁጥር በአንድ ፎርም ሦስት ጊዜ ትጠይቃላችሁ። እ.ኤ.አ. በ2023 የወጣው የመመሪያው 2.2 እትም ቁጥሩ አንዴ ከገባ ራሳችሁ ሙሉት ወይም እንዲመርጠው አቅርቡለት ይላል፤ ግን እሱን ገና አልፈረሙበትም፣ ስለዚህ አልከሰስዎትም።

የእርስዎ ፎቶዎችም አምስቱ በድምሩ 11 ሜጋባይት ናቸው። ስኩሽ የሚባል ነፃ መሣሪያ አለ፣ ብራውዘር ላይ ይሠራል። አንዱን ፎቶ ዌብፒ ወደሚባል ቀለል ያለ የፎቶ ፋይል ቀየርኩት፤ መልክዎ ምንም አልጎደለም፣ ክብደቱ ግን ከአሥር አንድ እጅ አልሞላም። ጉግል ጥሩ ገጽ የሚለው ዋናው ይዘት በ2.5 ሰከንድ ውስጥ ሲታይ ነው። እርግጥ በእናንተ ገጽ ዋናው ይዘት ፈቃዱ ነው ወይስ እርስዎ፣ መጀመሪያ መወሰን ያስፈልጋል።

ባለሙያ የለንም፣ ገንዘብ የለንም እንዳትሉኝ። ክሮም ብራውዘር ውስጥ ላይትሃውስ የሚባል መመርመሪያ አብሮ ይመጣል፤ ከላይ ካልኩት ግማሽ ያህሉን በአንድ ደቂቃ ያወጣላችኋል። ዌቭ የሚባል ሌላ መመርመሪያም አለ፣ የገጹን አድራሻ ብቻ ነው የሚፈልገው። ኮምፒውተር ላይ ኤንቪዲኤ የሚባለው ስክሪን ሪደር (እንደ ቶክባክ ማያ የሚያነብ ፕሮግራም) በነፃ ይወርዳል። ቶክባክ አብዛኛው አንድሮይድ ስልክ ላይ፣ ቮይስኦቨር አይፎን ላይ ተጭነው ነው የሚሸጡት፤ ምናልባት የእርስዎም ኪስ ውስጥ አለ። ያብሩት፣ ማያውን ያጨልሙ፣ የራስዎን ፎርም ይሙሉ። 10 ደቂቃ አለዎት።

ከባዶ መጀመርም አያስፈልግም። የእንግሊዝ መንግሥት ለራሱ ገጾች የሠራውን የዲዛይን ሥርዓት (ተዘጋጅተው የተቀመጡ የገጽና የፎርም ክፍሎች) ከነኮዱ ክፍት አድርጎታል፤ ማንም ወስዶ ይጠቀማል። ስህተት ሲፈጠር እዚያ እንዴት እንደሚያሳዩት ብቻ ተመልከቱ፦ ገጹ አናት ላይ የትኛው ሳጥን ምን እንደጎደለው በቃል ይጻፋል፣ ሲነኩት ቀጥታ ወደ ሳጥኑ ይወስዳል። ቀይ መስመር እያዩ መገመት የለም። እነሱ ፎርም ሲሠሩ በአንድ ገጽ አንድ ጥያቄ ብለው ይጀምራሉ፤ እናንተ 34ቱን በአንድ ገጽ ደረደራችሁ።

ባለፈው ቅዳሜ ተናድጄ ፎርማችሁን ቤቴ ቁጭ ብዬ ሠራሁት። ያው 34 ጥያቄ ነው፣ ስልክ ቁጥሩ ሲደገም ራሱ ይሞላል፣ «አጽዳ» የለም፣ የጻፉት ይቀመጣል። አባባ ሳይጣደፉ በ26 ደቂቃ ጨረሱ። በመጀመሪያ ሙከራ። ሲጨርሱ «ታዲያ ይሄን ለምን አልላክህላቸውም?» አሉኝ። ልኬላቸዋለሁ፣ ሦስተኛው ኢሜይል ላይ ተያይዟል አልኳቸው። ዝም አሉ።

ይህን ደብዳቤም መጀመሪያ በእናንተው የአቤቱታ ገጽ ልልከው ሞክሬ ነበር። ጽፌ ጨርሼ «ላክ» ስል ከ200 ፊደል በላይ አይቻልም አለኝ። ሳጥኑ ባዶ ሆኖ ተመለሰ።

የምጠይቀው ሁለት ነገር ነው። የአባቴን ቅጣት መልሱ፤ የዘገዩት እሳቸው አይደሉም፣ ገጻችሁ ነው ያዘገያቸው። ሰርቨራችሁ መዝገብ ይይዛል፣ ሦስት ማታ መግባታቸውን ገልጣችሁ እዩ። ሁለተኛ፣ የሚቀጥለው የማደሻ ጊዜ ሳይደርስ ያቺን የ10 ደቂቃ ገደብና «አጽዳ»ን አንሱ። ሌላውን በኋላ እንነጋገርበታለን።

መልስ ከጻፉ እባክዎ ስካን አድርገው አይላኩት። አባባ ራሳቸው ሊያነቡት ይፈልጋሉ።

የአመልካቹ ልጅ