እማዬ፣ ከመርፌው በፊት

እማዬ፣ እንደምን ሰነበትሽ? ልጆቹ ደህና ናቸው። ትልቁ ጥርሱ ወልቆ «ለአያቴ ንገሯት» እያለ አላስቀምጥ ብሎናል፤ ትንሿም ፊደል ጀምራለች።

«ለአንገቴ አኩፓንክቸር ይበጀኝ ይሆን?» ላልሽው፣ ያ ቀጭን መርፌ እየተወጉ የሚታከሙበት ዘዴ ይበጅ ይሆናል፤ አሁን ግን አይደለም። እንግሊዝ አገር የዮርክ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች አንገታቸውን ከሦስት ወር በላይ ያመማቸውን 517 ሰዎች በሦስት ቡድን ከፍለው ፈትነው፣ ውጤቱን እ.ኤ.አ. በ2015 አወጡት። አንዱ ቡድን ከተለመደው ሕክምና በተጨማሪ 12 ጊዜ፣ በየጊዜው 50 ደቂቃ መርፌ ተመደበለት። ከዓመት በኋላ፣ እስከ 100 በሚቆጠር የሕመም መለኪያ፣ የተለመደውን ሕክምና ብቻ ካገኙት የተሻሉት በ4 ነጥብ ገደማ ነው። ትንሽ ናት፤ ግን ዓመት ቆይታለች። ከዚያች ውስጥ የመርፌው ድርሻ ስንት፣ ጋደም የማለቱና የሚያዳምጥ ሰው የማግኘቱ ስንት እንደሆነ ያ ጥናት አይለይም። ቆዳ ሳይወጋ ወደ እጀታው በሚገባ የውሸት መርፌ ያነጻጸሩ ሙከራዎች አሉ፤ በእነሱ ልዩነቱ ይጠብባል።

ደግሞም የተፈተኑት ከአንገታቸው ሕመም ሥር ሌላ ከባድ ችግር የሌለባቸው ናቸው። አንቺ ስለ ለቅሶው እያወራሽልኝ መሃል ላይ «ስኒው ከእጄ እያመለጠ አስቸገረኝ» ብለሽ አለፍሽው። እኔ አላለፍኩትም።

እስቲ አብራሽ ያለችው ልጅ ሰዓት ትያዝልሽና እጅሽን ቶሎ ቶሎ ጨብጪ፣ ዘርጊ። ጣቶችሽ ሙሉ በሙሉ ካልተዘረጉ አይቆጠርም። በ10 ሰከንድ 20 ካልሞላ፣ ወይም ተረከዝሽን ከሌላው እግር ጣት ፊት እያስቀመጥሽ ስትራመጂ ከተንገዳገድሽ፣ መጀመሪያ የነርቭ ሐኪም፣ የአንገት ኤምአርአይ። (ግድግዳው አጠገብ ይሁን፣ እንዳትወድቂ።) በዕድሜ የአንገት አጥንትና ዲስክ እየገፋ ሕብለ ሰረሰሩን ሊጫነው ይችላል። መርፌ የጠበበውን ቦታ አያሰፋም፤ ሕመሙን አስታግሶ ጊዜ ያስበላል፣ የደከመ እጅም ሁልጊዜ አይመለስም። ወጌሻው በምንም ምክንያት አንገትሽን እንዳያዞረው! ለእሱ ያለሽን እምነት አውቃለሁ።

ሐኪሙ ነጻ ነሽ ካለ፣ መርፌው ፊትሽ ከአሽጉ ይውጣ። ደም የሚያቀጥነውን ዋርፋሪን እንደምትወስጂ ቀድመሽ ተናገሪ፤ የደምሽም ምርመራ የቅርብ ይሁን። ትከሻ ላይ በጥልቀት እንዳይወጉሽ፣ ከሥሩ ሳንባ አለ፤ ከሰዓታት በኋላም ቢሆን ደረትሽን ከወጋሽ ወይም ትንፋሽ ካጠረሽ ሐኪም ቤት ሂጂ። ጾም ነው ብለሽ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ባዶ ሆድሽን እንዳትሄጂ፤ ሆድ ባዶ ሲሆን መርፌ ላይ ራስን መሳት ይቀላል።

አባዬ ሲታመም «እንዳትጨነቂ ብለን ነው» አላችሁኝ። ተቀብሮ ነው መርዶ ያረዳችሁኝ። አሳድገሽኛል፣ አስተምረሽኛል፣ ለዚያ የምለው የለኝም። ይሄን ግን እስካሁን አልዋጥኩትም።

የኤምአርአዩን ገንዘብ ለወንድሜ ልኬያለሁ። የውጤቱን ወረቀት እሱ «ደህና ነው» ብሎ ሳያጠቃልልልኝ፣ ልጅቷ ገጽ በገጽ ፎቶ አንስታ ትላክልኝ።