የአርስቶትል «ኡሲያ» «ቁስ» አይደለም

ለተከበሩ አዘጋጅ፣

ባለፈው ሳምንት ስለ ጥንታዊ ግሪክ ፍልስፍና ያወጣችሁትን ጽሑፍ ሁለቴ አነበብኩት። እንዲህ ያለ ነገር በአማርኛ ሳገኝ ደስ ይለኛል። አንድ ቃል ግን ከነከነኝ። ጸሐፊው የአርስቶትልን «ኡሲያ»፣ ማለትም ከሁሉ በፊት «አለ» የሚባለውን ነገር፣ «ቁስ» ብለው ተርጉመውታል። ይህ አርስቶትል ራሱ አንስቶ የጣለውን ሐሳብ መልሶ እሱን ማሸከም ነው።

በቅርብ የማውቀውን ላንሳ። እናቴ የድሮ ቀለበቷን ወርቅ ሠሪ ዘንድ ወስዳ ለእህቴ ጉትቻ አሠራችበት። አብሬያት ነበርኩ። እሳቱ ሲበረታ ክቡ ልል አለ፣ ከዚያ ተሰብስቦ ትንሽ ድቡልቡል ነገር ሆነ። ቀለበቱ የለም። ጉትቻውም ገና አልመጣም። ወርቁ ግን አለ። አርስቶትል እንዲህ ከሥር ሆኖ ለውጡን የሚሸከመውን «ሂፖኬይሜኖን» ይለዋል፤ «ከሥር ያለ» እንደማለት ነው። ከእሱ በፊት የነበረው ፈላስፋ ታሌስ የሁሉም መነሻ ውሃ ነው ያለውም ይህንኑ ሲፈልግ እንደሆነ አርስቶትል ይተርካል።

እሱ ግን እዚያ አላቆመም። «ሜታፊዚክስ» በተባለው ሥራው 7ኛ መጽሐፍ 3ኛ ምዕራፍ ላይ፣ እስቲ ሁሉንም እንግፈፍ ይላል። የወርቁን ቢጫነት አንሳ። ክብደቱን አንሳ። ርዝመቱን፣ ስፋቱን፣ ጥልቀቱንም አንሳ። ምን ቀረ? ምንነቱ የማይታወቅ፣ ይህን ያህል ነው የማይባል ነገር። ቁስ ማለት ያ ነው። ኡሲያ ግን ራሱን ችሎ መቆም አለበት፤ «ይሄ» ተብሎ በጣት መጠቆም አለበት። ስለዚህ ከቁሱ ይልቅ ቅርጹ (መልኩ ብቻ ሳይሆን ነገሩን ያ ነገር የሚያደርገው)፣ ቁስና ቅርጽ አንድ ላይ የሆኑበትም ነገር፣ ኡሲያ ለመባል ይቀድማሉ ብሎ ደመደመ።

ታዲያ በአማርኛ ምን እንበለው? ኡሲያ የወጣው «መሆን» ከሚለው የግሪክ ግስ ነው። ግእዛችን ደግሞ ከ«ሀለወ» የወጣ «ህላዌ» አለው። ከዚህ ወዲያ ምን እንፈልጋለን? «ባሕርይ» የቤተ ክርስቲያን ሊቃውንት የኖሩበት ቃል ነው፤ ዛሬ ግን «ባሕርዩ ጥሩ ነው» ሲባል ሁላችንም ጠባይን ነው የምንሰማው።

ሂፖኬይሜኖን ላይ ደግሞ ሰዋስዋችን ያግዘናል። ቃሉ ሌላው ሁሉ ስለ እሱ የሚነገርለትንም ያመለክታል፤ እኛ «ባለቤት» የምንለውን። «ከበደ ወፈረ» ስንል ውፍረቱ የከበደ ነው። ከበደ ግን የማንም ውፍረት፣ የማንም ቁመት አይደለም። ደግሞ ይገርመኛል፣ ኡሲያ በተራው ሰው ግሪክኛ ሀብት ንብረት ማለትም ነበር።

ጸሐፊውን አንድ ነገር ልለምን። በሚቀጥለው ክፍል ወደዚያው መጽሐፍ 17ኛ ምዕራፍ ይውሰዱን። አርስቶትል እዚያ ጡቡና ድንጋዩ ስለምን ቤት ሆነ ብሎ ይጠይቃል። ያንን በአማርኛ ባነብ ደስታዬ ወሰን የለውም።

አክባሪያችሁ፣
የፍልስፍና መምህር፣ ከአዲስ አበባ