ሻምፓኝ ብላችሁ ስላቀረባችሁልን መጠጥ የቀረበ ቅሬታ

ጥር 19 ቀን 2018 ዓ.ም.
ኮምቦልቻ

ለሆቴሉ ሥራ አስኪያጅ

ጉዳዩ፦ ቅዳሜ ጥር 16 ማታ ስለነበረው የፈረንሳይ እራትና የሻምፓኝ ዝግጅት

ጤና ይስጥልኝ።

ቅዳሜ ማታ 7 ቁጥር ጠረጴዛ ላይ ከባለቤቴ፣ ከሚዜዬና ከሚዜዬ ባለቤት ጋር የተቀመጥኩት ሰው ነኝ። አስተናጋጁን «ጠርሙሱን አሳየኝ» ያልኩት እኔ ነኝ። የዚያን ዕለት «ሰኞ ቢሮ ይምጡና እንነጋገር» ብለውኝ ነበር። ሰኞ መጣሁ። ስብሰባ ላይ ናቸው ተባልኩ። አንድ ሰዓት ተኩል ጠብቄ ወደ ቤቴ ተመለስኩ። ስለዚህ ጉዳዩን በጽሑፍ አቅርቤዋለሁ።

መጀመሪያ ለምን እንደመጣን ልንገርዎ። ካልነገርኩዎት ቅሬታዬ የአንድ ብርጭቆ ጉዳይ ይመስልዎታል።

ከ1986 እስከ 1997 ዓ.ም. ጅቡቲ ነበርኩ። እንደ ብዙ የሰፈሬ ልጆች ከዚሁ ከኮምቦልቻ በጭነት መኪና፣ በሚሌ አድርጌ ነው የሄድኩት። ሥራ ያገኘሁት አንድ የፈረንሳይ ምግብ ቤት ውስጥ ነው። በዕቃ አጣቢነት ጀምሬ አስተናጋጅ ሆንኩ። ደንበኞቻችን አብዛኞቹ የፈረንሳይ መኮንኖችና ቤተሰቦቻቸው ነበሩ። ሻምፓኝ መክፈት የተማርኩት እዚያ ነው። ብርጭቆ በምን እንደሚጠረግ፣ ከዓሣ ጋር ምን እንደሚቀዳ፣ ከጣፋጭ ጋር ምን እንደማይቀዳ የተማርኩት እዚያ ነው። 11 ዓመት ለሰው ቀዳሁ። አንድ ቀን ተቀምጬ አልተቀዳልኝም።

ተመልሼ መጣሁና በጥር 1998 አገባሁ። ለባለቤቴ ስለዚያ ሥራ ያላወራሁላት ነገር የለም። ሁልጊዜ «እና ምን ምን ይላል?» ትለኛለች፣ ጣዕሙን ማለቷ ነው። እኔም «አንድ ቀን አብረን እንቀመጥና ሰው ይቀዳልናል» እላታለሁ። ዘንድሮ ከተጋባን 20 ዓመት ሞላን። በዚያው ሰሞን የእናንተ ማስታወቂያ በቴሌግራም መጣ። ልጄ ናት ያሳየችኝ።

ማስታወቂያው እስካሁን ስልኬ ላይ አለ። እንዲህ ይላል። ለአራት ምግብ አራት ዓይነት ሻምፓኝ። ሁሉም ከፈረንሳይ፣ ከሻምፓኝ አውራጃ የመጣ። አልኮል ለማይጠጡ እንግዶች ልዩ መጠጥ። ለአንድ ሰው 12,000 ብር። ለአራታችን 48,000 ብር አስቀድሜ ከፈልኩ። ይህ ብር ከደመወዝ ላይ ተነስቶ የተከፈለ አይደለም። ቀስ በቀስ የተጠራቀመ ነው።

እውነቱን ለመናገር አጀማመሩ ደስ ይል ነበር። ጠረጴዛው አምሮ ነበር። ሻማው፣ ነጩ ጨርቅ፣ በር ላይ የተቀበለችን ልጅ አነጋገር፣ ሁሉም ጥሩ ነበር። በትንንሽ ዳቦ ላይ አይብ ተደርጎ መጣ። ከዚያ የመጀመሪያው ብርጭቆ ተቀዳ። ያ ብርጭቆ ሻምፓኝ ነበር። ጠርሙሱንም አሳይተውናል። አረፋው ቀጭን ነው፣ ከብርጭቆው ሥር እንደ ክር እየተመዘዘ ይወጣል። ባለቤቴ አሸተተችና ቀና ብላ አየችኝ። «ዳቦ ዳቦ ይሸታል፣ አሁን ከምጣድ የወጣ» አለችኝ።

በሕይወቷ ቀምሳ የማታውቅ ሴት ናት። ያለችው ግን ትክክል ነው። ሻምፓኝ ለሁለተኛ ጊዜ የሚብላላው እዚያው ጠርሙሱ ውስጥ ነው። ከእርሾው ጋር ብዙ ወራት ይተኛል። በሕጋቸው መሠረት ተራው ሻምፓኝ እንኳ ከታሸገ በኋላ ቢያንስ 15 ወር ሳይሞላው ለገበያ አይወጣም፣ የአንድ ዓመት መከር ብቻ የሆነው ደግሞ 3 ዓመት ይጠብቃል። የዳቦው ሽታ የሚመጣው ከእርሾው ነው። ይህን ስነግራት ፊቷ በራ። የመጣሁት ለዚህች ደቂቃ ነበር።

ሁለተኛው ምግብ የሐይቅ ዓሣ ነው፣ በቅቤና በሎሚ የተሠራ። ለወጥ ቤት ሰዎቻችሁ ምስጋናዬን አድርሱልኝ፣ ዓሣው እጅ የሚያስቆረጥም ነበር። መጠጡ ሲመጣ ግን ጠርሙሱ በነጭ ፎጣ ተጠቅልሏል። ከላይ እስከ ታች፣ ወረቀቱ እንዳይታይ ሆኖ። ባለቤቴ ቀመሰች። ትንሽ ዝም አለች። ከዚያ «ይሄኛው ስኳር ስኳር አለኝ። ዳቦውም የለም» አለች። ወዲያው ደግሞ ድምጿን ዝቅ አድርጋ «እኔ ስለማላውቅ ይሆናላ» አለችኝ።

ክቡር ሥራ አስኪያጅ፣ ይህን ደብዳቤ ያስጻፈኝ ይህች ዓረፍተ ነገር ናት።

እሷ አውቃለች። ምላሷ አልተሳሳተም። አስተናጋጁን ጠርቼ ፎጣውን ሳስፈታው ስፑማንቴ የሚባል ጣፋጭ የጣሊያን የሚፈነዳ ወይን ነው። ሦስተኛው ፕሮሴኮ የሚባል ሌላ የጣሊያን የሚፈነዳ ወይን ነበር። አራተኛውም ፕሮሴኮ። አራት ዓይነት ሻምፓኝ ተብሎ የተጠራን ሰዎች የጠጣነው አንድ ብርጭቆ ሻምፓኝ ነው።

በአጋጣሚ ተሳስታችሁ እንዳልሆነም አውቃለሁ። አንድ ጠርሙስ 750 ሚሊ ሊትር ነው፣ በደንቡ ከተቀዳ ስድስት ብርጭቆ ይወጣዋል። የሚጠጣው እንግዳ 36 ሰው ነበር፣ ቆጥሬያለሁ፣ የአስተናጋጅ ልማድ ነው። 36 ሰው አራት አራት ብርጭቆ ሲጠጣ 24 ጠርሙስ ያስፈልጋል። ስወጣ ከባንኮኒው ጀርባ በካርቶን የተደረደረውን ባዶ ጠርሙስ አየሁት። የሻምፓኙ 6 ነው። ለመጀመሪያው ዙር ልክክ ብሎ የሚበቃ። ከመነሻው የተገዛው ይኸው ነበር ማለት ነው።

ይህን ስጠይቅዎ «ሻምፓኝ ማለት እኮ ያው የሚፈነዳ ወይን ነው» አሉኝ። እርስዎ ክፉ አስበው እንዳልተናገሩት ልመን። በሠርግና በልደት ላይ የሚፈነዳውን ሁሉ ሻምፓኝ እንላለን። እኔም እላለሁ። በዚያ ላይ ማንም አይጎዳም፣ ማንም ለስሙ ብሎ ገንዘብ አይከፍልም። እናንተ ግን አውራጃውን ጠቅሳችሁ ጻፋችሁ። ሻምፓኝ የቦታ ስም ነው። ከፓሪስ በስተምሥራቅ 150 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ፣ ሬምስና ኤፔርኔ ከተሞች ባሉበት አገር የሚመረት ወይን ነው። ስሙ ለዚያ አገር ብቻ እንዲሆን እ.ኤ.አ. ከ1936 ጀምሮ በሕግ የተጠበቀ ነው። ፕሮሴኮ ከሰሜን ምሥራቅ ጣሊያን ይመጣል፣ የወይን ፍሬውም ሌላ ነው። አብዛኛውን ጊዜ ሁለተኛውን መብላላት የሚጨርሰው በትልቅ ጋን ውስጥ ነው። ዋጋውም ለዚህ ነው የሚቀንሰው። መጥፎ መጠጥ ነው እያልኩ አይደለም። በስሙ ቢመጣ ደስ ብሎኝ እጠጣዋለሁ።

ከቤታችን ምሳሌ ልስጥዎ። ጠጅ ቤት ገብተው የጠጅ ከፍለው፣ ጌሾ ያልነካው ብርዝ ቢቀዳልዎ ዝም ይላሉ? ሁለቱም ከማር ነው። ብርዝም ጣፋጭ ነው፣ ክቡር መጠጥ ነው። ግን ጠጅ አይደለም። ወሎ ውስጥ ይህን ሕፃን ልጅ ያውቀዋል። አንድ ጠጅ ጣይ ይህን ብታደርግ በማግስቱ ደጇን የሚረግጥ የለም።

ብርዝ ካልኩ አይቀር የሚዜዬን ነገር ልናገር። ሚዜዬ ሙስሊም ነው። ከ20 ዓመት በፊት አጠገቤ የቆመ ሰው ነው። በዓላችን ነው ብዬ እሱንና ባለቤቱን ከደሴ አስወረድኳቸው። የሐረጎን ቁልቁለት በማታ ወርደው ነው የመጡት። «ልዩ መጠጥ» የሚለውን አምኜ ለእነሱም ሙሉ ሒሳብ ከፈልኩ። የቀረበላቸው የካርቶን ማንጎ ጭማቂ ነው። አራቱንም ጊዜ። ብርዝ መበረዝ ምን ይከብዳል? የዝንጅብል ውኃ፣ የሎሚ፣ የእንጆሪ፣ ስንት ነገር ይሠራል! ሦስተኛው ምግብ በክሬምና በእንጉዳይ የተሠራ ዶሮ ነበር። ሚዜዬ ማን እንዳረደው ጠየቀ። አስተናጋጁ አላወቀም። ወጥ ቤት ገብቶ ተመለሰና «እነሱም አያውቁም» አለ። ሁለቱም ሳይነኩት ቀረ። ሚዜዬ «አብሽር፣ ዓሣው በቅቶናል» አለኝ። እኔ ግን አፈርኩ። በደሴና በኮምቦልቻ ድግስ ሲደገስ መጀመሪያ የሚታሰበው ይኼ ነው። ድሃ ቤት እንኳ ሁለት ድስት ይጣዳል። የ12,000 ብር እራት ላይ እንዴት ይረሳል?

ስለ አከፋፈቱም መናገር አለብኝ፣ ምክንያቱም ሰው ሊጎዳ ነበር። ጠርሙሶቹ በረዶ ውስጥ አልነበሩም። ከወጥ ቤቱ በር አጠገብ በካርቶን ተደርድረው ነበር። ሻምፓኝም ሆነ ፕሮሴኮ ከ6 እስከ 10 ዲግሪ ድረስ ቀዝቅዞ ነው የሚከፈተው። ሲሞቅ ያብጣል። በሻምፓኝ ጠርሙስ ውስጥ ያለው ግፊት ከአውቶሞቢል ጎማ ግፊት ከሁለት እጥፍ በላይ ነው። አስተናጋጁ ልጅ የቡሹን ሽቦ አውልቆ ጣለው፣ ጠርሙሱን ቀጥ አድርጎ ያዘና ቡሹን በሁለት አውራ ጣቱ ገፋው። ቡሹ የጎረቤት ጠረጴዛ ላይ የተቀመጡትን ሽማግሌ ጆሮ ስር አልፎ አምፖሉን መታው። የጠርሙሱ ሲሶ ጠረጴዛ ላይ ፈሰሰ። ልጁ እጁ ይንቀጠቀጥ ነበር።

ተነስቼ ቀጣዩን አብረን ከፈትነው። ሽቦው ስድስት ጊዜ በግማሽ ዙር ይፈታል፣ ግን አይወልቅም። መዳፍ ቡሹ ላይ ይሆናል። ጠርሙሱ ጋደም ይላል። የሚዞረው ጠርሙሱ ነው፣ ቡሹ አይዞርም። እንደ ትንፋሽ «እፍ» ብሎ ነው የሚከፈተው። ልጁ በአንድ ጊዜ ያዘው። ሁለተኛውን ብቻውን ከፈተ፣ አንዲት ጠብታ አልፈሰሰችም። ስለዚህ አደራ፣ ልጁን እንዳትቀጡብኝ። ያላስተማራችሁትን ነገር ነው የጠየቃችሁት። ፎጣውንም እንዲጠቀልል የነገረው ሌላ ሰው እንደሆነ ገብቶኛል።

የመጨረሻው የቸኮላት ኬክ ነበር። ከእሱ ጋር የቀረበው ፕሮሴኮ «ብሩት» የሚል አለበት። ብሩት ማለት ስኳሩ በሊትር ከ12 ግራም በታች የሆነ፣ ደረቅ ማለት ነው። ከጣፋጭ ኬክ ጋር ሲጠጣ እንደ ሎሚ ይኮመጥጣል። ለጣፋጭ የሚቀርበው «ደሚ ሴክ» የሚባለው ነው፣ እሱ በሊትር ከ32 እስከ 50 ግራም ስኳር አለው። ጣፋጩን ከዓሣው ጋር፣ ደረቁን ከኬኩ ጋር አቀረባችሁ። ተገላብጦ ነው የመጣው። ባለቤቴ አንዴ ፉት አለችና ብርጭቆውን ራቅ አድርጋ አስቀመጠችው። ዙሪያዋን አየች። ሌሎቹም አንድ አንድ ፉት እያሉ ያስቀምጣሉ። ማንም ምንም አይልም። ሁሉም የማያውቀው እሱ ብቻ እየመሰለው ነው።

የምጠይቀው የሚከተለውን ነው።

ለእኔና ለባለቤቴ ከከፈልነው 24,000 ብር ላይ ግማሹ፣ 12,000 ብር ይመለስልን። ምግቡን በልተናል፣ የመጀመሪያውንም ብርጭቆ ጠጥተናል፣ ሙሉውን አልጠይቅም። የሚዜዬና የባለቤቱ 24,000 ብር ግን ሙሉ በሙሉ ይመለስ። ከዋናው ምግብ አልቀመሱም፣ የተባለው መጠጥም አልቀረበላቸውም።

ከገንዘቡ በላይ የምፈልገው ግን ሌላ ነው። ማስታወቂያው በወጣበት በዚያው ቴሌግራም ላይ ለ36ቱም ሰው የጠጡት ምን እንደነበር ይነገራቸው። ስሙን ጽፋችሁ፣ ከየት እንደመጣ ጽፋችሁ። ባለቤቴ እንድታነበው እፈልጋለሁ።

በንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 መሠረት ሸማች ስለሚገዛው ነገር ዓይነትና ጥራት ትክክለኛ መረጃ የማግኘት መብት አለው። በ15 ቀን ውስጥ መልስ ካላገኘሁ ይህንኑ ደብዳቤ ከነማስረጃው ለከተማው ንግድ ጽሕፈት ቤት አስገባለሁ። እዚያ ከመድረሱ በፊት እዚሁ ቢያልቅ እመርጣለሁ። ሆቴሉ የከተማችን ነው፣ የሚሠሩበትም ልጆቻችን ናቸው።

አስተናጋጆቻችሁን ለማሠልጠን ካሰባችሁ፣ ሁለት ከሰዓት በኋላ መጥቼ አሳያቸዋለሁ። ክፍያ አልፈልግም። ያንን ልጅ ግን አስቀድማችሁ አስገቡልኝ።

የደረሰኙ ቅጂ፣ የማስታወቂያው ፎቶና የሦስቱ ጠርሙሶች ፎቶ ከዚህ ጋር ተያይዟል። ስልኬ ቦታ ያስያዝኩበት መዝገብ ላይ አለ። ከቀኑ 11 ሰዓት በኋላ ቤት ነኝ።

ከአክብሮት ጋር
የ7 ቁጥር ጠረጴዛ ተስተናጋጅ