ከረሜላ ይዘሽ እንዳትመጪ

ውድ እህቴ፣

ሰላም ነሽ? አቦ፣ እንደጠፋሁ አውቃለሁ። ሁለት ዓመት ሊሞላን ነው። አንቺም ብትሆኚ ጠፍተሻል፤ ስለዚህ ማንም ማንንም አይወቅስም። ትናንት ቀፊራ ገበያ እናትሽን አገኘኋቸው። የልጅሽ የመጀመሪያ ጥርስ ብቅ ማለቱን ነገሩኝ። ከዚህ በኋላ ዝም ማለት አልቻልኩም፤ የኔው ማሙሽ በጥርስ ያሳየኝን አንቺ እንድታዪው አልፈልግም።

አሁን አራት ዓመቱን ይዟል። አምና ሰኔ፣ የድሬ ሙቀት እንቅልፍ በነሳን አንድ ሌሊት፣ ጉንጩን ይዞ እያለቀሰ ተነሳ። በስልኬ መብራት አፉን አየሁት። የፊት ጥርሶቹ ላይ፣ ከድዱ ጥግ፣ ጠመኔ የመሰለ ነጭ መስመር አለ። የኋላው መንጋጋ ግን ቡናማ ጉድጓድ ሆኗል። ነጩን መስመር እኮ ከወራት በፊት አይቼዋለሁ! የወተት ትራፊ መስሎኝ በጨርቅ ጠርጌ አለፍኩት። መበስበስ የሚጀምረው እንደዚያ ነው ለካ።

«የወተት ጥርስ አይደል፣ ይወድቃል» ያላለኝ ሰው የለም። የጥርስ ሐኪሟ ግን መንጋጋዎቹ እስከ 10 እና 12 ዓመት ድረስ እንደሚቆዩ ነገረችኝ። ከዚያ ስለሚበላው ጠየቀችኝ። «ጣፋጭ ብዙ አይበላም» አልኳት፣ ደፍሬ። አልዋሸሁም፤ በቀን ሁለት ከረሜላ ቢሆን ነው። ግን አንዷን ይመጥጣል፣ ያወጣታል፣ በወረቀቷ ይጠቀልላታል፣ ደግሞ ይከታታል። ከሰዓቱን ሙሉ እንዲህ ነው። አፍ ውስጥ ያሉት ባክቴሪያዎች ስኳሩን አሲድ ያደርጉታል፤ በአንዴ ከ20 እስከ 30 ደቂቃ ጥርሱን ያጠቃል። ቀስ ብሎ የሚያስታግሰው ምራቅ ነው። በየሰዓቱ ትንሽ ትንሽ ከመጣበት ምራቁ ፋታ አያገኝም። ከምሳ ጋር በልቶ ቢገላገለው ይሻል ነበር። ማታ ደግሞ ስኳር ያለበት ወተት በጡጦ ይዞ ነበር የሚተኛው። ሌሊት ምራቅ ይቀንሳል። ይሄኛው የኔው ጥፋት ነው፣ በማንም አላሳብብም።

ከዚያ ምትክ ፍለጋ ገባሁ። መጀመሪያ «ጤና ነው» ብዬ ተምር ሰጠሁት። ጥርስ ላይ ተጣብቆ ስለሚቆይ ከከረሜላው ብዙም አይሻልም አሉኝ። ብስኩትም መንጋጋ ላይ ሊጥ ሆኖ ይቀራል። ስኳር የለሽ የተባለ ከረሜላም ከውጭ መጥቶልኝ ነበር፤ ኮምጣጣው ግን ራሱ አሲድ አለበት። የሐረር ሐላዋን ደግሞ አታንሺብኝ። የከለከልኩት ልጁን እንጂ እናቱን አይደለም።

ያሸነፈው አይብ ነው። ሳይቀመም፣ በማንኪያ። ካልሲየም አለው። የባቢሌ ለውዝ ደግሞ ቆልቼ፣ ዘይቱ ወጥቶ ቅቤ እስኪመስል እወቅጠዋለሁ፤ ስኳር አልነካውም። ቀጭን ኪያር ላይ እቀባለታለሁና ጣቱን ሳይቀር ይልሳል። ሙሉውን ፍሬ ግን እንዳትሰጪ፣ ያንቃል። ፓፓያና ዘይቱን (ጓቫ) እንዳለ ቆራርጬ ነው፣ ጭማቂ የለም። በዚህ ሙቀት ለስላሳ ማስተው ነው የከበደኝ። 300 ሚሊ ሊትር ጠርሙስ ውስጥ 30 ግራም ገደማ ስኳር አለ፤ ይህን ካወቅኩ ወዲህ ፍሪጃችን ውስጥ ውኃ ብቻ ነው ያለው።

ዋናው ጦርነት ከአማቴ ጋር ነበር። ሲመጡ ማሙሽ ቀድሞ የሚፈትሸው ነጠላቸውን ነው። «ልጅ ባዶ እጅ ይታያል እንዴ?» ይላሉ። እውነታቸውን ነው፣ እኔም ባዶ እጃቸውን እንዲመጡ አልፈለግኩም። አሁን በነጠላቸው ጫፍ የተቀቀለ እንቁላል ቋጥረው ይመጣሉ! ማሙሽ ቋጠሮውን ሲፈታ እንደ ድሮው ነው የሚጮኸው።

አንቺ ካሁኑ ጀምሪ። ለትንሿ ጥርስ የሩዝ ፍሬ የምታክል ፍሎራይድ ያለው የጥርስ ሳሙና ይበቃታል። ለኔው አተር የምታክል አደርጋለሁ። ጠዋትና ማታ ራሴ ነኝ የምቦርሸው፣ እየተጯጯህን።

ለጥምቀት ትመጫለሽ አሉ። ከረሜላ ይዘሽ እንዳትመጪ። እኔ ሐላዋውን ከሐረር አስመጣለሁ፤ ልጆቹ ሲተኙ ሁለታችን ግቢ ቁጭ ብለን እንጨርሰዋለን።

ናፋቂሽ